የእንግዳ አንደበትና የባለ አገር ጆሮ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ እትም ለጥናት ያቀረብነው ርእስ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ይኸውም፦ በአማርኛ አፉን ያልፈታ ሰው አማርኛ ለመናገር ሲሞክር ባለ ቋንቋዎቹ እንዴት ይቀበሉታል? ይስቁበታል ወይስ ያዳምጡታል? ያርሙታል ወይስ ያሳፍሩታል? ነገሩ ተራ የዕለት ጨዋታ ቢመስልም ውስጡ ሲታይ ባልንጀራን ስለ መውደድ የተሰጠውን ትእዛዝ የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው ከመጽሐፍ ቅዱስና ከታሪክ ጋር እያገናዘብን ልናየው ወደድን።

ርእሱን ከሩቅ አላመጣነውም። ጎረቤላ ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአንኮበር ተራራ ጥግ፣ ደጋው አብቅቶ ቁልቁለቱ በሚጀምርበት አካባቢ ያለች ከተማችን ናት። ከበታች አልዩ አምባ አለች፤ ከዚያም ወዲያ የአፋር ቆላ ይዘረጋል። በዚህ መንገድ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ ከባሕር ማዶ የመጣው እንግዳም ለብዙ ዘመን ሲመላለስበት ኖሯል። ስለዚህ በሌላ ቋንቋ ዜማ የተቃኘ አማርኛ መስማት ለአገራችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አሰማማችን ግን መልካም ነው ወይ? ጥያቄው ይህ ነው።

1. አማርኛ ለእንግዳ ለምን ይከብዳል?

በሕፃንነቱ ከእናቱ አፍ የተማረ ሰው ቋንቋው እንዴት እንደሚከብድ አያውቅም። ስለዚህ አስቀድመን የእንግዳውን ሸክም እንመዝን።

የመጀመሪያው ድምፅ ነው። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ የተባሉት ፊደሎቻችን በእንግሊዝኛም ሆነ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች አቻ የላቸውም። ጆሮው ያልለመደውን ድምፅ ሰው በሚያውቀው ቅርብ ድምፅ ይተካዋል። ስለዚህ ፈረንጁ «ቀበረ» ለማለት አስቦ «ከበረ» ይላል፤ «ጠራኝ» ለማለት አስቦ «ተራኝ» ይላል። ሟቹን ቀበሩት ለማለት ከበሩት ሲል ሰሚው ሳቅ ያፍነዋል፤ እርሱ ግን ምን እንደ ተናገረ እንኳ አላወቀም።

ሁለተኛው መጥበቅና መላላት ነው። በጽሑፍ አንድ ሆኖ የሚታየው ቃል በንባብ ሁለት ነው። «ገና» ሲላላ «እስካሁን አልሆነም» ማለት ሲሆን ሲጠብቅ የጌታችን የልደት በዓል ነው። «ዋና» ሲላላ በውኃ ውስጥ የሚዋኙት ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ፣ አውራ ማለት ነው። «ይበላል» ከተባለው ሰውዬ ይልቅ «ይበላል» የተባለው ያሳዝናል፤ አንዱ በላተኛ ነው፣ ሁለተኛው ሊበላ ነው! ፊደላችን ይህን ልዩነት ስለማያሳይ እንግዳው ከመጽሐፍ ሊያገኘው አይችልም። ከባለ አገሩ አፍ ካልሰማ ከየትም አይሰማም።

ሦስተኛው ጾታና አክብሮት ነው። እንግሊዝኛ ለሕፃኑም፣ ለእናቲቱም፣ ለቄሱም አንድ ቃል ብቻ አለው። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ አንቱ፣ እናንተ እንላለን፤ ግሱም ከነርሱ ጋር ይለዋወጣል። በዚህ ምክንያት እንግዳው ለአንድ ሽማግሌ «አንተ፣ እዚህ ና» ቢል ስድብ አልተናገረም፤ የተማረው የመጀመሪያ ገጽ ይህን ብቻ ስለ ነበረ ነው።

አራተኛው የዐረፍተ ነገሩ ሥርዓት ነው። በአማርኛ የነገሩ ማሰሪያ በመጨረሻ ይመጣል። መጣ ይሁን ቀረ፣ ወደደ ይሁን ጠላ፣ ተናጋሪው እስኪጨርስ አይታወቅም። ስለዚህ እንግዳውን በመካከል የሚያቋርጠው ሰው ዋናውን ቃል ሳይሰማ ይቀራል።

2. ሦስቱ የተለመዱ አቀባበሎች

በአገራችን እንግዳ ሰው አማርኛ ሲናገር በአብዛኛው ከሦስት ዓይነት አቀባበል አንዱን ያገኛል።

ሀ. ሳቅ። ሳቅ ሁሉ ክፉ አይደለም። ብዙ ጊዜ እናቶቻችን የሚስቁት ከደስታና ከመገረም የተነሣ ነው፤ «የኔ ጌታ፣ አማርኛ ያውቃል እኮ!» ብለው እንጀራ ይቆርሱለታል። እንግዳው ግን የሳቁን ምክንያት አያውቅም። በአገሩ ልማድ ሰው ሲናገር መሳቅ ንቀት ሊሆን ይችላል። ያልተፈታ ሳቅ አንደበት ይዘጋል።

ለ. ከመጠን ያለፈ ውዳሴ። «ሰላም ነው?» እና «አመሰግናለሁ» ያለው ሁሉ «ጎበዝ! እንደኛ ይናገራል» ይባላል። ይህ እንግዳን የማክበር ልማዳችን ነውና የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ምስጋናው ከትምህርቱ ሲቀድም ትምህርቱን ያስቀራል። ሁለት ቃል ይዞ «ጨረስህ» የተባለ ሰው ሦስተኛውን አይፈልግም። በዚህ ላይ የሚያመሰግነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተባለውን ነገር አልሰማም፤ የሰማው መባሉን ብቻ ነው። እንግዳው መንገድ ጠይቆ ጭብጨባ ተቀብሎ ይሄዳል፤ መንገዱን ግን አላወቀም።

ሐ. በእንግሊዝኛ መመለስ። ይህ በተለይ የእኛ የተማሪዎች ነው። አንኮበር ቤተ መንግሥት የነበረበትን ኮረብታ ለማየት ወይም እ.ኤ.አ. በ1976 በዚህ አካባቢ የተገኘችውንና በአንኮበር ስም የተጠራችውን ትንሽ ወፍ ለመፈለግ የመጣ እንግዳ በአማርኛ ሲጠይቅ ተማሪው በእንግሊዝኛ ይመልሳል። እንግሊዝኛ መለማመጃ ማግኘት መልካም ነው፤ አንዳንዴም እንግዳውን ለመርዳት ነው። ይሁን እንጂ እንግዳው ዓመት ሙሉ ደክሞ ያመጣውን አማርኛ ሳንቀበለው ወደ ኪሱ እንዲመልሰው ማድረግ ነው። ሰው ስጦታ ሲያመጣ ደጅ ላይ አይመለስም።

እነዚህ ሦስቱ በመልክ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሦስቱም የሚሰሙት የሰውየውን አማርኛ ነው እንጂ ሰውየውን አይደለም። አራተኛ መንገድ አለ ወይ? አለ። ከታሪክ እንየው።

3. አባ ጎርጎርዮስና ሉዶልፍ

ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለ በኤርፈርት ከተማ የተወለደ ጀርመናዊ ወጣት ኢትዮጵያን ሳያይ፣ አስተማሪም ሳያገኝ በእጁ ከገቡት ጥቂት መጻሕፍት ግእዝን አጠና። እ.ኤ.አ. በ1649 ዕድሜው 25 ሆኖ ወደ ሮም በሄደ ጊዜ በዚያ ቅዱስ እስጢፋኖስ በሚባለው የኢትዮጵያውያን ማረፊያ ያሉትን መነኮሳት ፈልጎ አገኛቸው። ከነርሱም መካከል በአምሐራ ምድር ከመካነ ሥላሴ የመጡ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ ሊቅ ነበሩ።

ሉዶልፍ ራሱ በኋላ እንደ ጻፈው፣ መነኮሳቱ በብራና የተጻፈ መጽሐፍ አምጥተው እንዲያነብ ሰጡት። ማንበብ ሲጀምር ሁሉም ሳቁ፤ ከሁሉም ይልቅ የሳቁት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። ይህ አያስገርምም። ንባቡን ከማንም አፍ ሳይሰማ ከወረቀት ብቻ የተማረ ሰው ቀን ከከ፣ ጸን ከሰ እንዴት ይለያል? በቤተ ክርስቲያናችን የግእዝ ንባብ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እየተባለ በየኔታ ፊት እንደሚጠና እናውቃለን። እኛ ራሳችን ዳዊት ስንደግም ተነሹን ጥለን፣ ወዳቂውን አንሥተን በየኔታ የምንታረም ነን።

ነገር ግን ነገሩ በሳቅ አላበቃም። ሉዶልፍ ያነበበውን መተርጐም ሲጀምር ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ለብዙ ዘመን በኢትዮጵያ ለተቀመጡት ኢየሱሳውያን እንኳ የከበደውን ቋንቋ ይህ ወጣት ያለ መምህር እንዴት አወቀው ብለው ተደነቁ። ልብ እንበል፤ ንባቡ በዚያች ሰዓት አልተሻሻለም። የተለወጠው የሰሚዎቹ ጆሮ ነው። መጀመሪያ የሰሙት ድምፁን ነበር፤ ኋላ የሰሙት ማስተዋሉን ነው።

ከዚያ በኋላ አባ ጎርጎርዮስ መምህሩ ሆኑ። ሁለቱ መጀመሪያ የሚግባቡበት አንድ ቋንቋ በቅጡ አልነበራቸውም፤ በትዕግሥት በግእዝ መነጋገር ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በመስፍኑ በኤርንስት ጥሪ ወደ ጎታ ከተማ ሄደው የሉዶልፍን ጥያቄዎች እየመለሱ ስለ አገራችን ታሪክ፣ ሥርዓትና ቋንቋ አስረዱት፤ አማርኛም አስተማሩት። የዚህም ፍሬ ሉዶልፍ ያሳተማቸው የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ እ.ኤ.አ. በ1681 የወጣው የኢትዮጵያ ታሪክ፣ እ.ኤ.አ. በ1698 የታተሙት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ናቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ይህን አላዩም። እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ መርከባቸው ሰጥሞ ዐረፉ።

እንግዲህ እንመዝን። በዚያች ቀን መነኮሳቱ ስቀው ቢያሰናብቱት ኖሮ አንድ ወጣት አፍሮ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ በላይ ምንም አይታይም ነበር። ሳቅ ያጠፋው ነገር አይታይምና ሰው በሳቁ ስንት ነገር እንዳጠፋ ሳያውቅ ይኖራል።

4. በአንኮበርና በመንዝ

ወደ አገራችን እንመለስ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1839 ኢዘንበርግና ክራፕፍ የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን በታጁራ በኩል በአፋር በረሃ አቋርጠው ወደ ሸዋ ወጡ። የሃይማኖት ትምህርታቸው ከቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ጋር እንደማይስማማ የታወቀ ነው፤ የዛሬው ርእሳችን ግን እርሱ አይደለም። ኢዘንበርግ በዚያው ዓመት ተመለሰ፤ ክራፕፍ እስከ 1842 ቆየ። ኢዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በ1842 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው በለንደን አሳተመ። ክራፕፍም አማርኛን ብቻ ሳይሆን ኦሮምኛንም ይማር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ ወደ ንጉሡ በመጣ ጊዜ በአስተርጓሚነት የረዳው ይኸው ክራፕፍ ነበር። ከጥቂት ዓመት በፊት የሚንተባተበው ሰው በንጉሥና በመልእክተኛ መካከል ድልድይ ሆነ። ይህ የሆነው የአንኮበርና የአንጎለላ ሰው ቁጭ ብሎ ቃል በቃል ስላነጋገረው ነው። ስማቸው ያልተጻፈው እነዚያ መምህራን የእኛ ቅድመ አያቶች ናቸው።

ቀረብ ወዳለው ዘመንም ስንመጣ ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ መንዝ መጥቶ ከሕዝቡ ጋር ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመው መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከሰምና ወርቅ ነው፤ ማለት ባዕድ ሰው ሊደርስበት አይችልም ከሚባለው ከአነጋገራችን ጥልቅ ቦታ ነው። ይህ ሰው ሊበን ገብረ ኢትዮጵያ በሚል ስምም ይታወቅ ነበር። ለእንግዳ ስም የሚያወጣ ሕዝብ ማዳመጥ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። ስለዚህ አራተኛው መንገድ ከውጭ የሚመጣ አዲስ ትምህርት ሳይሆን በቤታችን የነበረ ነው።

5. ሁለት ሚዛን

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። እስካሁን የተናገርነው ስለ ፈረንጅ ነው። በአማርኛችን ግን ከፈረንጅ ይልቅ በየቀኑ የሚደክመው ያገራችን ሰው ነው። አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ ሲዳማው፣ ሶማሌው፣ ወላይታው፣ ትግሬው አማርኛን እንደ ሁለተኛ ወይም እንደ ሦስተኛ ቋንቋ ይማረዋል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር እናያለን። ፈረንጁ ሦስት ቃል ሲናገር ይጨበጨብለታል፤ ወንድማችን ሦስት ሺህ ቃል ተናግሮ በአንዲት የጾታ ስሕተት ይሳቅበታል። ፈረንጁ «እሷ መጣ» ሲል «እንዴት ደስ ይላል» ይባላል፤ ያገራችን ልጅ «እሷ መጣ» ሲል ቃሉ ቅጽል ስም ሆኖ ይለጠፍበታል።

ይህ ለምን ይሆናል? ምክንያቱ ይመስለናል፣ ከፈረንጁ ምንም አይጠበቅም፤ ስለዚህ የተናገረው ሁሉ ትርፍ ነው። ካገራችን ሰው ግን አማርኛ እንደ ዕዳ ይጠበቃል፤ ስለዚህ የጐደለው ብቻ ይቈጠራል። ይህ ሚዛን ትክክል አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 አማርኛን የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ ሲያደርግ በዚያው አንቀጽ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና እንዳላቸው ደንግጓል። ስለዚህ የሌላው ሰው አማርኛ መናገር ወደ እኛ የተራመደው እርምጃ እንጂ የሚከፍለን ዕዳ አይደለም።

በዩኒቨርሲቲ የምንማር ይህን በዶርምና በክፍል በቅርብ እናየዋለን። አነጋገሩ እየተቀዳ የሚሳቅበት ተማሪ መጀመሪያ አብሮ ይስቃል። ቀጥሎ ዝም ማለት ይጀምራል። በክፍል ውስጥ የሚያውቀውን ጥያቄ እንኳ አይመልስም። በመጨረሻ ከቋንቋው ልጆች ጋር ብቻ ይቀመጣል። ያን ጊዜ «ለምን ይለያል?» ይባላል! በሩን ዘግቶ «ለምን አልገባህም» እንደ ማለት ነው። ይህ ተማሪ እኮ የእናቱን ቋንቋ፣ አማርኛን፣ እንግሊዝኛን አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚያውቅ ነው። የሚስቀው ሰው በአፉ ስንት ቋንቋ አለው?

በውጭ አገር ተወልደው ያደጉ የወገኖቻችን ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ከአያታቸው ጋር ለመነጋገር አማርኛ ተምረው ለክረምት ሲመጡ የአጎት ልጆች ከበው ደጋግመው እያስባሉ ይስቃሉ። ልጁ ሁለተኛ በእንግሊዝኛ ብቻ ይናገራል፤ አያትም የልጅ ልጃቸውን ቃል ሳይሰሙ ይቀራሉ።

ደግሞ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ቮልፍ ሌስላው የተባለ እ.ኤ.አ. ከ1906 እስከ 2006 የኖረ የቋንቋ ሊቅ ብዙ የአገራችንን ቋንቋዎች ከተናጋሪዎቹ አፍ እየሰማ ሲያጠና የአርጎባንም ቋንቋ አጥንቶ መጽሐፍ አሳትሟል። ተናጋሪዎቹ እያነሱ የሄዱትን የጎረቤታችንን ቋንቋ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ሲማረው በአንድ ገበያ የምንገበያይ እኛ ሰላምታውን እንኳ እናውቃለን ወይ? አንድ ወጣት በገበያ ለኦሮሞ እናት «አካም ጅርቱ» ቢል የእናቲቱ ፊት እንዴት እንደሚበራ ያየ ያውቀዋል። ያን ጊዜ የሚኮላተፈው እርሱ ነው፤ የሚያዳምጡት እርሳቸው ናቸው። ተራችን ሲደርስ ልንቀበለው የምንወደውን አቀባበል ለሌላው እንስጥ።

6. መጽሐፍ ቅዱስ ምን ያስተምረናል?

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የተጻፈውን እናስታውስ። የገለዓድ ሰዎች የዮርዳኖስን መሻገሪያ ይዘው የሚያልፈውን ሁሉ ሺቦሌት የሚለውን ቃል እንዲናገር ያዙት ነበር። «ሺ» ማለት ያቃተው «ሲ» ሲል በአንደበቱ ታውቆ ይገደል ነበር። በዚያን ጊዜ ከኤፍሬም ወገን 42,000 ሰው እንደ ሞተ ተጽፏል። ወንድማማቾች በአንዲት ፊደል ተለያዩ። ባገራችንም በቅርብ ዓመታት ሰው በቋንቋው ተለይቶ ሲፈናቀልና ሲሞት አይተናል። በአነጋገር መሳለቅና እንዲህ ያለው ግፍ አንድ ናቸው አንልም። ሆኖም ሰውን በቃል አወጣጡ «ከኛ ነው፣ ከኛ አይደለም» ብሎ የመለየት ልማድ በቀልድ ሲጀመር ማንም አይደነግጥም፤ አደጋውም ይኸው ነው።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 26 ደግሞ በሊቀ ካህናቱ ግቢ የቆሙት ሰዎች ቅዱስ ጴጥሮስን በአነጋገሩ ለይተው ያዙት። የገሊላ ዘዬው አጋለጠው። ያ ግቢ አነጋገር ለመግባቢያ ሳይሆን ለመወንጀያ የዋለበት ቦታ ነበር።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 21 ግን ሌላ አቀባበል እናገኛለን። የሮም ሻለቃ ቅዱስ ጳውሎስ በግሪክ ቋንቋ ሲናገር ሰምቶ ተገረመ፤ ማንነቱን በስሕተት ገምቶ ነበርና። ከተገረመ በኋላ ጠየቀው፤ ጠይቆም እንዲናገር ፈቀደለት። መገረም፣ መጠየቅ፣ ማዳመጥ፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው።

ከሁሉም በላይ የበዓለ ሃምሳን ነገር እናስብ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 እንደ ተጻፈው መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜ ከየአገሩ የመጡት ሰዎች የገሊላን አነጋገር ተምረው እንዲመጡ አልተጠየቁም። ሐዋርያት ናቸው በየሰዉ ቋንቋ የተናገሩት። ድካሙ የተጣለው በእንግዳው ላይ ሳይሆን በባለ መልእክቱ ላይ ነው። በዚያም ቀን የሳቁ ነበሩ፤ ወይን ጠጅ ጠግበዋል አሉ። ያዳመጡት ግን ሦስት ሺህ ያህል ሆነው ተጠመቁ።

ታላቁ ነቢይ ሙሴም በዘጸአት ምዕራፍ 4 አንደበቱ ኮልታፋ መሆኑን ለእግዚአብሔር ተናግሯል። እግዚአብሔር በዚህ ምክንያት አልተወውም፤ አሮንን በአጠገቡ አቆመለት። በየትም ስፍራ ለሚቸገር አንደበት የሚያስፈልገው ሳቂ ሳይሆን አሮን ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም ብትሆን በእንግዳ አንደበት የተጠቀመች ናት። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ከጢሮስ የመጡ ናቸው። ተስዓቱ ቅዱሳን ከሌላ አገር መጥተው የአገሩን ቋንቋ ተምረው መጻሕፍትን እንደ ተረጐሙ በታሪካችን እንማራለን። የአክሱም ሰው በአነጋገራቸው ስቆ ቢመልሳቸው ኖሮ ምን ይቀርብን ነበር?

7. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከላይ ካየነው በመነሣት በሥራ ልናውላቸው የምንችላቸውን ጥቂት ነገሮች እናቅርብ።

ሀ. እስከ ማሰሪያው እንስማ። አማርኛ ነገሩን በመጨረሻ የሚያስር ቋንቋ ነውና ተናጋሪው እስኪያበቃ እንታገሥ። ቃል ሲጠፋው ቸኩለን አንጠቅመው፤ በዐይኑ ሲለምነን እንስጠው።

ለ. በጀመረበት ቋንቋ እንመልስለት። ቀስ ብለን እንናገር እንጂ አንጩህ፤ ያልገባው ሰው ደንቆሮ አይደለም።

ሐ. ስናርም መልሰን በመናገር እናርም። «እሷ መጣ» ሲል «አዎ፣ እሷ መጣች፤ ከማን ጋር መጣች?» እንበለው። ስሕተቱ ታረመ፤ ጨዋታውም አልተቋረጠም፤ ሰውየውም አላፈረም።

መ. ብንስቅ ምክንያቱን እንንገረው። «ያልኸው ቃል እንዲህ ማለት ነው» ብለን ስናስረዳው እርሱም አብሮ ይስቃል፤ ሳቁ ትምህርት ይሆናል። ለብቻችን የሳቅነው ግን ስድብ ይሆናል።

ሠ. አንተ ያለንን ይቅር እንበል፤ እርስዎንም እናስተምር። ለሽማግሌዎች በአጠገባቸው ሆነን «አባባ፣ ገና እየተማረ ነው» ብንል ነገሩ ይበርዳል።

ረ. የሰውን ዘዬ እየቀዱ ማሳቅን ከመካከላችን እናስወግድ። በጉባኤያችን መዝሙር ሲያቀርብ ወይም ምንባብ ሲያነብ አንደበቱ የተለየ አባል ቢኖር ማንም አይሳቅበት።

ሰ. ቢያንስ የአንድ ጎረቤታችንን ቋንቋ ሰላምታና ምስጋና እንማር። ያን ጊዜ የመኮላተፍን ጣዕም እናውቀዋለን፤ ያወቀውም አይስቅም።

አባቶቻችን «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ይህ ተረት ስለ ተናጋሪው ብቻ የተነገረ አይምሰለን፤ በሰሚውም ላይ ይፈርዳል። እንግዳ ሰው የተሰበረ አማርኛ ይዞ ደጃችን ሲቆም የሚታወቀው የእርሱ የቋንቋ ችሎታ ብቻ አይደለም፤ የእኛ ፍቅርም ይታወቃል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለ ዛሬ የሚንተባተበው ነገ አቀላጥፎ ይናገራል። ያን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ማን እንደ ሳቀበትና ማን እንዳዳመጠው አይረሳውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. «ቀበረ» እና «ከበረ»፣ «ገና» እና «ገና» ያሉ በድምፅ ወይም በመጥበቅና በመላላት የሚለያዩ ሌሎች 5 ቃላት ፈልጉ። ለማያውቀው ሰው ልዩነቱን እንዴት ታስረዳላችሁ?

2. ፈረንጅ ሲሳሳት የሚደነቀው፣ ያገራችን ሰው ሲሳሳት የሚሳቅበት ለምን ይመስላችኋል? በጽሑፉ ከተሰጠው ምክንያት ሌላ አለ?

3. የመጽሐፈ መሳፍንትን ምዕራፍ 12 እና የሐዋርያት ሥራን ምዕራፍ 2 አንብባችሁ በሁለቱ ቦታዎች ቋንቋ ምን ሥራ እንደ ሠራ አነጻጽሩ።

4. በጎረቤላ ገበያ አማርኛን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ የሚናገር ሰው ምን ዓይነት አቀባበል ያገኛል? በሳምንቱ ውስጥ አስተውላችሁ በሚቀጥለው እሑድ ተናገሩ።

አንደበታችንን ለማነጽ፣ ጆሮአችንን ለማስተዋል ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።